«ሁልጊዜ ፓራሲታሞል!»፦ ስለ ሕመም፣ ስለ መርፌና ስለ ባዶ መድኃኒት



ለዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል፣ ስለ ራሽንና ስለ መታወቂያ ወረቀት ከሚጻፉት ቀጥሎ የሚበዙት ስለ ሕክምና የሚያወሱት ናቸው። አቤቱታው ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ራሴን ቢያመኝ ሄድኩ፤ ፓራሲታሞል ሰጡኝ። ወገቤን ቢያመኝ ሄድኩ፤ ፓራሲታሞል ሰጡኝ። ጥርሴን ቢያመኝ ሄድኩ፤ አሁንም ያንኑ። መርፌ ውጉኝ ብል ከለከሉኝ።» ከአሊ አዴም ሆነ ከሆል ሆል፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በባልባላና በየካርቲዬው ከሚኖሩትም ወገኖቻችን የምንሰማው ይህንኑ ነው። አንዳንዱማ ነገሩን በቀልድ አድርጎት፣ «ስደተኛ ቢሞት እንኳ ፓራሲታሞል ነው የሚያዙለት» ይላል።

ቀልዱ መራራ ነው፤ ከጀርባው ያለው ቅሬታም እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ስለ ሕመም ማስታገሻ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። አንድ መድኃኒት ሕመምን የሚያስታግሰው በውስጡ ባለው ቅመም ብቻ አይደለም። የሚወስደው ሰው ምን እንደሚጠብቅ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደለመደ፣ የሚሰጠውንም ሰው ምን ያህል እንደሚያምን፣ እነዚህ ሁሉ በሕመሙ መጠን ላይ ድርሻ አላቸው። ይህን ማወቅ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ዕውቀት አይደለም። ኪሳችንን፣ አንዳንዴም ጤናችንን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የምናውቀው ወንድማችን ያጋጠመው ነገር ነው። ወንድማችን በዚህ ከተማ በሸክም ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ወገቡን ክፉኛ ያመው ጀመርና ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግማሽ ቀን ተራ ጠበቀ። ተራው ደርሶ ሲገባ የተቀበለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። አስተርጓሚም ስላልነበረ ሁለት ቃል ሳይለዋወጡ ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጠውና ወጣ። ክኒኑን ሁለት ቀን ዋጠው፤ «ውኃ የጠጣሁ ያህል ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ተበድሮ ወደ አንድ መርፌ ወጊ ሄደ። መርፌ ወጊው በአማርኛ አነጋገረው፤ ወገቡን በእጁ ዳሰሰ፤ «አይዞህ፣ ይኼ ብርድ ነው፣ ሁለት መርፌ ይበቃዋል» ብሎ ወጋው። ወንድማችን እንደነገረን ገና ከበሩ ሲወጣ ሕመሙ ቀለለው፤ ማታም ሳይገላበጥ ተኛ።

መርፌው ምን እንደነበረ አያውቅም ነበር። ብልቃጡን ይዞልን ሲመጣ ስናነበው የቫይታሚን ቢ ኮምፕሌክስ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ቫይታሚን ሰው ከበር እስኪወጣ ድረስ የወገብ ሕመም የሚያስታግስ ነገር አይደለም። ሕመም ማስታገሻ ሆኖ የተሠራው ያ የጣለው ክኒን ነበር።

ታዲያ ወንድማችን ዋሽቶናልን? የለም፤ አልዋሸም። ሕመሙ በእውነት ቀሎለታል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሕክምና ሰዎች «ፕላሴቦ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ፍችው «ደስ አሰኛለሁ» ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ባዶ መድኃኒት» እንለዋለን። ይኸውም መልኩ መድኃኒት የሆነ፣ በውስጡ ግን ለሚታከመው ሕመም የሚሆን ቅመም የሌለበት ክኒን ወይም መርፌ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች መላ ላጡለት በሽተኛ የስኳር ክኒን ይሰጡ ነበር። ዛሬም አንድ አዲስ መድኃኒት በእውነት የሚሠራ መሆኑ የሚፈተነው፣ ለግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ለግማሹ ባዶውን በመስጠትና በማወዳደር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው እንዲታሰብ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢጣሊያ ግንባር ያገለገለው አሜሪካዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ነው። ቢቸር ከባድ ቁስል የደረሰባቸውን ወታደሮች ሲጠይቅ፣ ማስታገሻ የፈለጉት ከ100 ሰዎች 32 ብቻ ሆነው አገኛቸው። ከጦርነቱ በኋላ በሰላም አገር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሲቪሎች ሲጠይቅ ግን ማስታገሻ የፈለጉት ከ100 ሰዎች 83 ነበሩ። ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ቢቸር ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ለወታደሩ ቁስሉ ከእሳት መውጫ፣ በሕይወት ወደ ቤት መመለሻ ትኬት ነው፤ ለሲቪሉ ግን ያው ቀዶ ጥገና የመከራ መጀመሪያ ነው አለ። ስለዚህ የሕመሙን መጠን የሚወስነው የቁስሉ ስፋት ብቻ ሳይሆን ቁስሉ ለሰውየው ያለው ትርጉም ጭምር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ራሳችን እናስብ። ከመካከላችን በእስር ቤት የተደበደበ አለ። በአሳል ሐይቅ በኩል በእግሩ ወደ ኦቦክ ተጉዞ፣ ባሕሩን ሳይሻገር የተመለሰ አለ። በመንገድ ላይ የደረሰባትን ለማንም ያልተናገረች እህት አለች። እንዲህ ላለ ሰው የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ተራ የጉልበትና የወገብ ሕመም አይደለም፤ ያን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ለቢቸር ወታደሮች ቁስሉ መዳኛ ነበር፤ ለእኛ ብዙ ጊዜ ሕመም የሚያስታውሰን የወደቅንበትን ቀን ነው። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ቢብስብን «አካባጅ» መባል አይገባንም።

አንድ ሰው «እንግዲያው ነገሩ ሁሉ ሐሳብ ነው፣ ሕመሙም የለም፣ መዳኑም የለም» ሊል ይችላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑ የታወቀውም በጥርስ ሕመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች መንጋጋ ጥርሳቸውን ለተነቀሉ ሰዎች ባዶ መድኃኒት ሰጡ። ከሰዎቹ ከፊሎቹ ሕመማቸው ቀለለ። ከዚያም ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ተሰጣቸው። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፍ መድኃኒት ነው፤ ሞርፊን በበዛበት ሰው ላይ ሲሰጥ ሰውየውን ያነቃዋል። እነዚህ ሰዎች ግን ሞርፊን አልወሰዱም፤ የወሰዱት ባዶ ነገር ነው። ሆኖም ናሎክሶኑ ሲሰጣቸው፣ በባዶው መድኃኒት ተሽሏቸው የነበሩት ሰዎች ሕመማቸው ተመልሶ ባሰባቸው። የሚከሽፍ ነገር ከሌለ ምን ከሸፈ? መልሱ፣ ሰውነታችን ራሱ ሞርፊን መሰል ቅመም ይሠራል የሚል ነው። ይህ ቅመም መኖሩ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በስኮትላንድ አገር ተረጋግጦ ነበር፤ በዚህ ወገን ያሉት ቅመሞች በጥቅሉ ኢንዶርፊን ይባላሉ። እንግዲህ «አሁን ይሻለኛል» ብሎ የጠበቀ ሰው አእምሮ የራሱን ማስታገሻ ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ሰጠው ማለት ነው።

ነገሩ በአእምሮ ብቻም አያበቃም። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የሕመም መልእክት ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ አእምሮ ሲጓዝ በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር ያልፋል፤ በሩም ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል። እንቅፋት የመታውን ልጅ እናቱ እግሩን አሸት አሸት፣ እፍ እፍ ስታደርግለት ልቅሶው የሚበርደው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን አገር በሃምቡርግ የተደረገ ምርመራ ደግሞ፣ ሰው ባዶ ቅባት ተቀብቶ «ይህ ማደንዘዣ ነው» ሲባል አከርካሪው ውስጥ ያለው የሕመም እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ በምስል አሳይቷል። ስለዚህ ይህ የሥጋ ነገር ነው። «ሕመምህ በጭንቅላትህ ነው» ብሎ ሕመምተኛን መመለስ ከሕክምናውም ዕውቀት ውጭ ነው።

አእምሮ ይህን ጎተራ እንዲከፍት የሚያደርገው ምንድን ነው? አንዱ መጠበቅ ነው፤ ከላይ አይተነዋል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ልማድ ነው። የቡና ልማድ ያለባቸው እናቶቻችን ቡና ሲቀርባቸው ራሳቸውን ያማቸዋል። ታዲያ ሕመሙ ለቀቅ የሚያደርጋቸው አቦሉን ጠጥተው፣ ቡናው ሆድ ውስጥ ገብቶ ከዋለ በኋላ ነውን? ብዙዎቹ ገና ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ሲዞር «እሰይ» ይላሉ። ሰውነት ከሽታው በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለለመደ ቀድሞ ይዘጋጃል። በመድኃኒትም እንደዚሁ ነው። እውነተኛ ማስታገሻ ደጋግሞ የተሰጠው ሰው፣ በኋላ በዚያው መልክና በዚያው መንገድ ባዶ ነገር ቢሰጠው ሰውነቱ የለመደውን ይደግማል። የኢጣሊያው የቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፋብሪዚዮ ቤኔዴቲና ባልደረቦቹ ይህን በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን መርፌ የምንወደውም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። ፔኒሲሊን በዓለም በተስፋፋበት ጊዜ የሚሰጠው ባብዛኛው በመርፌ ነበር፤ አንዳንድ ለዓመታት የቆየ ቁስል በአንድ መርፌ በቀናት ውስጥ ይደርቅ ነበር። ያንን ያየ ትውልድ «ከክኒን መርፌ ይሻላል» ብሎ ለልጆቹ አወረሰ። ልጆቹም ሲታመሙ ተወጉ፣ ተሻላቸውም። መርፌ ያማል፤ የሚያም ነገር ደግሞ ብርቱ ይመስላል። «እጇ ቀላል ነው» የምትባል ነርስ ካገኘን መንገድ አቋርጠን ወደሷ እንሄዳለን። ይህም ራሱ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

መርፌ በእርግጥ ከክኒን ይበልጥ ተስፋ ያሳድራል፤ ይህ ተለክቷል። በማይግሬን የራስ ምታት ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ተጠቃለው ሲታዩ፣ ባዶ ክኒን ከዋጡት ከ100 ሰዎች 26 ያህሉ ሲቀላቸው፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት 32 ያህሉ ቀሏቸዋል። ልዩነቱ አለ፤ ግን ከ100 ሰዎች ስድስት ነው። ለዚህች ስድስት ሰው ልዩነት የሚከፈለውን ዋጋ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ባህል መድኃኒትም የሚጠይቁን አሉ። ምች ሲመታን ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠናል፤ ይሻለናልም። ዳማከሴ ባዶ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የቅጠሉ ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግን ቅጠሉን ስትጨምቅ የነበረችው እናት፣ ግንባራችንን የያዘው እጇ፣ «በል ተሸፈን» ያለው ድምጿ ከቅጠሉ ጋር አብረው ይሠሩ እንደነበር አያጠራጥርም። እዚህ ጅቡቲ ቅጠሉ ቢገኝ እንኳ ያ እጅ የለም። (በነገራችን ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው በሐምሌና በነሐሴ ወራት የሚይዘን የራስ ምታት ብዙ ጊዜ የውኃ ጥም ነው። እሱን ዳማከሴም ፓራሲታሞልም በሚገባ አያስታግሰውም፤ ውኃ ይጠጣ።)

ዋጋና ስምም እንደዚሁ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ 82 ፈቃደኞች አንድ ዓይነት ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ለግማሾቹ አንዱ ክኒን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያወጣል ተባሉ፤ ለቀሩት ዋጋው ወደ 10 ሳንቲም ዝቅ ብሏል ተባሉ። የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰጣቸው፣ ውድ ነው ከተባሉት ከ100 ወደ 85 የሚሆኑት ሕመሙ ቀለለን ሲሉ፣ ርካሽ ነው ከተባሉት ግን 61 ብቻ ቀለለን አሉ። ክኒኑ ያው ነው፤ ባዶ ነው። በዚህ ከተማም በጤና ጣቢያ በነፃ የተሰጣቸውን ነጭ ፓራሲታሞል አስቀምጠው፣ ከፋርማሲ ዶሊፕራን የሚባለውን በገንዘባቸው የሚገዙ ወገኖች እናውቃለን። ዶሊፕራን የፈረንሳዮች ስም ነው እንጂ ውስጡ ያው ፓራሲታሞል ነው። ይሻላቸዋል? አዎ፣ ይሻላቸዋል። ያሻላቸው ግን ከፊሉ ሳጥኑ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበን ደግሞ ሁለቱን የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው ደርበው የሚውጡት ናቸው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትን ይጎዳልና ይህ ከባድ አደጋ ነው።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው በር እንመለስ። ቤኔዴቲና ባልደረቦቹ በቶሪኖ ከቀዶ ጥገና ለወጡ ሕመምተኞች ያንኑ ማስታገሻ በሁለት መንገድ ሰጡ። ለአንዱ ወገን ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ «አሁን ብርቱ ማስታገሻ እሰጥሃለሁ» ብሎ እያየው ሰጠው። ለሌላው ወገን ያው መድኃኒት፣ በያው መጠን፣ ማንም ሳይናገር በመሣሪያ አማካይነት ወደ ደም ሥሩ ፈሰሰ። ሳያውቁ የወሰዱት ሰዎች ሕመማቸው ቶሎ አልለቀቃቸውም፤ ለማስታገስም የበለጠ መጠን አስፈለገ። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ባዶ አለመሆኑን ልብ በሉ። እውነተኛው መድኃኒት እንኳ ያለ ቃልና ያለ ፊት ሲሰጥ ከኃይሉ ከፊሉን ያጣል።

እንግዲህ ወንድማችን «ውኃ የጠጣሁ ያህል ነው» ያለው ክኒን የደረሰበት ይኸው ነው። ክኒኑ ማስታገሻ ነበር፤ አሰጣጡ ግን ኃይሉን ሳይቀንሰው አልቀረም። መርፌ ወጊው ደግሞ በእጁ የነበረው መድኃኒት ለሕመሙ የማይሆን ሲሆን፣ የቀረውን ሁሉ አሟልቶ ነበር፦ በቋንቋው አነጋገረው፣ የሚያመውን ቦታ ነካ፣ ለሕመሙ ስም ሰጠው፣ መቼ እንደሚሻለውም ነገረው። የሕክምና ሠራተኞች ይህን ካነበቡ እንዳይቀየሙን እንለምናለን። በቀን መቶ ሰው የሚቀበል ሰው ፊቱ እንደሚደክም እናውቃለን። ነገር ግን ቀና ብሎ ማየትና «ይህ ማስታገሻ ነው፤ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር አብራ የምትሰጥ መድኃኒት ናት፤ በጀትም አትጠይቅም። በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያስረዳ አስተርጓሚ መኖርም እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ክፉ ጠባቂ ክፉ ያገኛል። በዚህ ወገን ያለውን ሊቃውንቱ «ኖሴቦ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ከወሊድ በፊት በጀርባቸው ማደንዘዣ የሚሰጣቸው 140 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ «ቦታውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው፣ ምቾት ይሰጥሻል» ተባለ። ለቀሩት «አሁን ትልቅ ንብ የነደፈሽ ያህል ይሰማሻል» ተባለ። መርፌው አንድ ነው። ንብ የተባሉት ሴቶች ግን በአሥር መለኪያ 5 ያህል ሲያማቸው፣ ሌሎቹን ያመማቸው 3 ያህል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኡልሪከ ቢንገል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከዚህ የበለጠ አሳዩ። ከሞርፊን ወገን የሆነ ብርቱ ማስታገሻ በደም ሥራቸው እየፈሰሰ ሳለ፣ «አሁን መድኃኒቱን አቁመነዋል፣ ሕመሙ ሊብስ ይችላል» የተባሉ ሰዎች ሕመማቸው ምንም እንዳልወሰዱ ሆኖ ተመለሰ። መድኃኒቱ ግን አልቆመም ነበር።

ይህን ስናነብ በየሠፈራችን የሚወራው ወሬ ትዝ አለን። «ለስደተኛ የሚሰጠው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነው»፣ «የነጮች ትራፊ ነው» ይባላል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በእጁ የገባ ሰው ካለ ሳጥኑን ይዞ ይምጣ፤ ጉዳዩን ለሚመለከተው እናቀርባለን። ያለ ማስረጃ የሚወራው ወሬ ግን የሚጎዳው ድርጅቱን አይደለም። የሚጎዳው ማታ ልጇ በሕመም ሲያለቅስባት ያንን ክኒን በጥርጣሬ የምትሰጠዋን እናት ነው።

እስካሁን የተናገርነውን ይዞ «እንግዲያው ባዶ መድኃኒት ሁሉን ይፈውሳል» የሚል እንዳይኖር፣ የነገሩን ወሰን መናገር አለብን። አንደኛ፣ ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ይለቃል። ወደ መርፌ ወጊ የምንሄደው ሕመሙ በባሰበት ቀን ነው፤ ከባሰበት ቀን በኋላ ደግሞ ባብዛኛው የሚሻል ቀን ይመጣል፤ ምስጋናውን መርፌው ይወስዳል። ቢቸር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1955 ባዶ መድኃኒት ከ100 ሰዎች 35 ያህሉን ያሽላል ብሎ የጻፈውን፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን በራሱ የሚመጣ መሻል አብሮ ቆጥሮታል ብለው ነቅፈውታል። ከ100 በላይ ጥናቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙ ሁለት የዴንማርክ ሊቃውንትም፣ ባዶ መድኃኒት ጥቅም ካለው በተለይ ሰው ራሱ በሚናገረው ስሜት፣ ከሁሉም በሕመም ላይ እንጂ በሌላው በሽታ ላይ ያን ያህል አይደለም ብለዋል።

ሁለተኛውና ዋነኛው፣ መቅለል ማለት መዳን አይደለም። ይህን ከአስም በሽታ የበለጠ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ የአስም ሕመምተኞች በተለያየ ቀን እውነተኛውን የሚነፋ መድኃኒትና ባዶውን ተሰጣቸው። «ምን ያህል ተሻላችሁ?» ሲባሉ ለሁለቱም የሰጡት መልስ ተቀራራቢ ነበር። ሳምባቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን በእውነተኛው 20 በመቶ ተሻሽሏል፤ በባዶው 7 በመቶ ብቻ፤ ምንም ሳይወስዱ በዋሉበት ቀንም ያው 7 በመቶ ነበር። ሰውየው «ተሻለኝ» እያለ ሳምባው አልተከፈተም። የጅቡቲ አቧራ በሚያፍነን ወራት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስሙ ያለበት ያውቀዋል።

የእምነትን ነገር ለእምነት እንተወዋለን፤ በእሱ ላይ የምንፈርድ አይደለንም። ግን አንድ እውነተኛ ታሪክ እናስታውስ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ ከመጡ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች መካከል መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ሰውነት ሲቀል፣ ልብ ሲረጋ ደስ ይላል፤ ቫይረሱ ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይመለሳል። የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምረው በሁለተኛው ወር «ተሻለኝ» ብለው የሚተዉ ወገኖቻችንም ነገር እንደዚሁ ነው።

የመርፌውን ዋጋ እንመለስበታለን ብለን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ላይ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260 ሺህ ደግሞ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። ብዙዎቹ መርፌዎች ከነጭራሹ የማያስፈልጉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ሲሪንጆች ስለተስፋፉ አደጋው እጅግ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። ከበሽታውም ሌላ፣ ዕውቀት የሌለው እጅ ታፋን ሲወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ መትቶ ሰውን ሊያነክስ ይችላል። የሆድ ሕመም በመርፌ ሲደበቅም የትርፍ አንጀት በሽታ ሳይታወቅ ውስጥ ለውስጥ ይፈነዳል። ድንገት የመጣ ብርቱ የሆድ ወይም የደረት ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ራስ ምታት፣ ወይም እግርን የሚያደነዝዝና ሽንትን የሚከለክል የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ወደ መርፌ ወጊ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

አንድ ጥያቄ ቀረ። ባዶ መድኃኒት ይህን ያህል ከረዳ፣ ሐኪም እያታለለ ቢሰጠንስ? እኛ አንቀበለውም። ስደተኛ ብዙ ጊዜ ተታሏል፤ አንድ ቀን ሲታወቅ በእውነተኛውም መድኃኒት ላይ ያለው እምነት አብሮ ይሄዳል። ደግነቱ ማታለሉ የግድ ላይሆን ይችላል። በፖርቱጋል አገር በሊዝቦን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች «ይህ ባዶ ክኒን ነው፤ ነገር ግን ሰውነት በልማድ ሊረዳ ይችላል» ተብለው በግልጽ ተሰጣቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት ይልቅ ሕመማቸው ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ የተለካውም ሰዎቹ ራሳቸው የተናገሩት ነው። ቢሆንም እውነት ተናግሮ መርዳት የሚቻል መሆኑን ይጠቁማል።

ያ ወንድማችን በሳምንቱ የተወጋበት ቦታ አብጦ መግል ቋጠረ። ከእኛ አንዱ ይዞት ወደ ሐኪም ሄደ፤ በአማርኛና በፈረንሳይኛ መካከል ያስተረጎመለትም እሱ ነው። እብጠቱ ተከፍቶ ታጠበ። ሐኪሙ ወገቡንም መረመረና ሸክም ሲያነሣ ከጉልበቱ እንዲያጥፍ አሳየው፤ ተኝቶ እንዳይውል ነገረው፤ ማስታገሻም አዘዘለት። ስናየው ያው ነጭ ፓራሲታሞል ነው። ወንድማችን ከት ብሎ ሳቀ። እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ክኒኑ «አሁን ይሠራል» ይላል። የመርፌውን ዕዳ ግን ገና ከፍሎ አልጨረሰም።

ወደ ሕክምና ስትሄዱ «ይህ መድኃኒት ምንድን ነው? ምን ያደርግልኛል? በስንት ጊዜ ይሠራል? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አስተርጓሚ የምትፈልጉ፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትነግሩን ከመካከላችን ቋንቋ የሚችል ሰው እንልክላችኋለን። ስለዚህ ጽሑፍ ያላችሁን ጥያቄ በቢሯችን በር ላይ በተሰቀለው የደብዳቤ ሣጥን ጣሉልን። ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም።